በበጋ ለሚደርቅ ኩሬ ማን ይናገርለት?

(በጊቫት ሽሙኤል ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ብዙዎቻችሁ የደምቢያንና የፎገራን ሜዳ ታውቃላችሁ። በክረምት ውሃ የተኛበት መስክ በጋ ሲገባ የከብት መዋያ ይሆናል። በዚህ አገርም የሚመሳሰል ቦታ አለ፤ ዝናቡ ግን የሚዘንበው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ ነው። በዕብራይስጥ «ሽሉሊት ሖሬፍ» ይሉታል፤ የክረምት ኩሬ ማለት ነው።

ውሃው በበጋ ስለሚደርቅ ዓሣ አይኖርበትም። እንቁራሪትና ጉርጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ስለዚህ ነው፤ ጫጩቶቻቸውን የሚበላ ዓሣ የለም። ጫጩቶቹም ኩሬው ሳይደርቅ እግር አውጥተው ወደ የብስ መውጣት አለባቸው። የአንዳንድ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት እንቁላል ደግሞ በደረቁ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ዝናብ ይጠብቃል። እንግዲህ በነሐሴ ባዶ መሬት የሚመስለውን ቦታ አፈር የደፋበት ሰው፣ ያላየውን ሕይወት ሁሉ ቀበረ ማለት ነው።

«ወባስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎረቤታችንን ፔታ ቲክቫን በ1878 የመሠረቱት ሰዎች በወባ ብዙ ተሠቃይተዋል። ረግረጉ ሁሉ እንደ ጠላት የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ግን ወባ ከአገሩ ጠፍቷል፤ ጤናማ ኩሬ ውስጥም የትንኝን እጭ የሚበሉ ነፍሳት አሉ።

የሁላ ረግረግ በ1950ዎቹ ሲደርቅ የተቆጩ ሰዎች በ1953 የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርን አቋቋሙ። ከረግረጉ የተረፈው ክፍል በ1964 ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። ጠፋች ተብላ የነበረችው የሁላ እንቁራሪት በ2011 እዚያው ተገኘች። በነታንያም ዶራ ሰፈር አጠገብ ያለው የክረምት ኩሬ፣ ሕንፃ ቢከበውም ሳይደፈን ለሕዝብ መጎብኛ ሆኖ ቆይቷል።

«እኛ ገና መጤዎች፣ ምን አገባን?» አትበሉ። በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት የግንባታ ዕቅድ ለሕዝብ ዕይታ ሲቀርብ፣ ዕቅዱ ይጎዳኛል የሚል ባለጉዳይ በሁለት ወር ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ተቃውሞው «ሂትናግዱት» ይባላል። በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱ መገለጽ፣ ፍሬ ነገሩም በቃለ መሐላ መረጋገጥ አለበት። ቀኑ ካለፈ እንባም አይመልሰው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ክረምት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኩሬ አሳዩ፤ እንቁራሪቱን ግን ወደ ቤት አታምጡ፣ ዓሣም አትጨምሩበት፤ የእንቁራሪቱን ዘር ይፈጀዋል። ሁለተኛ፣ ውሃው ሞልቶ ሳለ ፎቶግራፍ አንሡ፣ ቀኑንም ጻፉበት። ክርክሩ በበጋ ሲመጣ፣ እዚህ ውሃ እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ በሰፈራችሁ የዕቅድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ካያችሁ፣ ዕብራይስጡ ባይገባችሁም ሳትዘገዩ ወደ ማኅበራችን አምጡት። አብረን እናነበዋለን፤ የሚያስፈልግ ከሆነም ተቃውሞውን አብረን እንጽፋለን።

እንቁራሪት ፊርማ የላትም፤ እኛ ግን አለን።