የራስን ሐቅ መተውና ስለ ሌላው ዝም ማለት

   

የዛሬው ጉዳያችን ከካራቆሬ የደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ እህታችን በቴሌግራም ቻናል ልብስ ከምትሸጥ አንዲት የአዲስ አበባ ነጋዴ ለዒድ የሚሆኑ ስድስት ዐባያዎች አዘዙ። አንዱ ለራሳቸው፣ ሁለቱ ለልጆቻቸው፣ ሦስቱ ደግሞ ለጎረቤት ተሸጠው ጥቂት እንዲያተርፉባቸው ነበር። ገንዘቡን አስቀድመው በቴሌብር ላኩ፤ ዕቃው በደሴ አውቶቡስ ተጭኖ መጣ። በፎቶው ላይ ወፍራም ይመስል የነበረው ጨርቅ ጥቅሉ ሲፈታ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ቢያጥቡት ቀለሙ ለቆ ውሃውን አጠቆረው። ለሻጯ ጻፉላት። ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

እህታችን የሆነውን ሁሉ ብዙ ሴቶች ባሉበት ግሩፕ ውስጥ ሊጽፉ ስልካቸውን ሲያነሱ አማታቸው «ተይ ልጄ፣ የሙስሊም ሥጋ አትብዪ፤ ለአላህ ስጪው» አሏቸው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ቢጽፉ ጊባ ይሆንባቸዋል? ዝም ቢሉስ?

አማትየው የተናገሩት ቀላል ነገር አይደለም። በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ሐሜትን የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር አመሳስሎታል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሚባለው ነገር በሰውየው ላይ በእርግጥ ካለ እርሱ ራሱ ሐሜት መሆኑን፣ ከሌለ ደግሞ ቅጥፈት መሆኑን ገልጸዋል። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንደገፍባት «እውነቱን ነው የተናገርኩት» የምትለው ምክንያት ብቻዋን አታድንም። ድሮ በቡና ላይ የተነገረ ሐሜት ከሦስት አራት ጎረቤት አያልፍም ነበር። ዛሬ ግን አንድ ጽሑፍ ቡናው ሳይፈላ ሺህ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ነገር ግን «ለአላህ ስጪው» የሚለው ምክር ሁለት ነገሮችን አቀላቅሏል። አንደኛው የእህታችን የራሳቸው ሐቅ ነው። ገንዘባቸውን መተው፣ መታገስና ምንዳውን ከአላህ መጠበቅ መብታቸው ነው፤ ትልቅ ደረጃም ነው። ሁለተኛው ግን ነገ ያንኑ ፎቶ አይታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ የምትልክ ሌላ እህት ሐቅ ነው። ይህን ሐቅ እርሳቸው ሊተዉላት አይችሉም፤ የእርሳቸው አይደለምና።

የይፋት ቆላ ሰው ይህን ከገበያው ያውቀዋል። እሑድ በሰንበቴ ገበያ ግመል ወይም በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ያስነሳዋል፣ ያስኬደዋል፣ አጠገቡ የቆመውንም ይጠይቃል። ዓይን፣ እጅና ጎረቤት ጠባቂዎቹ ናቸው። በስልክ በሚገዛ ዕቃ ላይ ግን ዓይን ያለው ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ እጅ የለም። የቀረው ከዚህ በፊት የገዛ ሰው ምስክርነት ብቻ ነው። እርሱም ዝም ካለ ገዢው ዕውር ሆኖ ገበያ ገባ ማለት ነው።

ስለ ግመል ካነሳን ዘንድ ኢማም ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በኢሕያእ ያሰፈሩትን እናስታውስ። አንድ ሰው ግመሉን በ300 ዲርሃም ሸጠ። ሶሓባው ዋሢላህ ኢብኑል አስቃዕ (ረ.ዐ) በቦታው ነበሩ፤ ሐሳባቸው ሌላ ዘንድ ሆኖ ገዢው ግመሊቱን ይዞ ሄደ። ወዲያው ከኋላው እየሮጡ ተጣሩና ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የገዛት ብለው ጠየቁት። ለጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ እንዳለና ረጅም መንገድ እንደማትችል አስታወቁት። ገዢው ተመለሰ፤ ሻጩም 100 ዲርሃም ቀነሰለት። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ሲወቅሳቸው፣ ለሙስሊም ሁሉ ቅን መካሪ ሊሆኑ ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን ነገሩት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንይ። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የሮጡት። የተናገሩት ደግሞ ስለ ኮቴዋ ነው። ሻጩ አጭበርባሪ ነው አላሉም፤ ዘሩን፣ ቤቱን፣ ያለፈ ታሪኩን አላነሱም።

ይኸው ልክ በፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ታሪክም ይገኛል። ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ሲጠይቋት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከረች። እርሳቸውም የአንዱን ድህነትና የሌላውን በትር ከትከሻው አለመውረድ ገልጸው ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን እንድታገባ መከሯት። ለውሳኔዋ የሚያስፈልጋትን ያህል ተናገሩ፤ ከዚያ አላለፉም። ኢማም ነወዊም በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ሙስሊሞችን ከጉዳት ማስጠንቀቅንና የተበደለ ሰው አቤቱታን አካትተዋል። እንግዲህ የእህታችን ጽሑፍ በእነዚህ በሮች ይገባል። በሩ ግን ጠባብ ነው፤ ቂምና ብሽሽቅ ተሸክሞ የመጣ አያልፍበትም።

ዋሢላህ የሮጡት ገዢው እየሄደ ስለነበር ነው፤ ጊዜ አልነበራቸውም። እኛ ግን ጊዜ አለን። ስለዚህ በግሩፕ ከመጻፍ በፊት ለሻጯ ዳግም በግል፣ በለሰለሰ ቃል፣ የጨርቁን ፎቶ አያይዞ መጻፍ ይገባል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለኖረ ሕግ መስሎናል። በፊቅህ ግን ገዢ ሳያውቀው የተሸጠለት ነውር ያለበትን ዕቃ የመመለስ መብት አለው፤ ነውሩን እያወቀ የደበቀ ሻጭም ወረቀት በመለጠፉ ብቻ በአላህ ዘንድ ከመጠየቅ አይድንም። በእርግጥ በታጠበው አንድ ዐባያ ላይ ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ያልታጠቡት አምስቱ ግን እንደመጡ ናቸው። የሀገሪቱም ሕግ ከዚህ አይርቅም፤ በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ለሸማቹ ሰጥቷል።

ማጣራትም አለ። መዘግየት ማታለል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ መንገድ ሲዘጋም ዕቃ መነኻሪያ ላይ ያድራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ገንዘቤን በልታ ጠፋች» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ነገሩ ሲጣራ የተጻፈውን ከሺህ ሰው ስልክ ላይ ሊሰበስበው አይችልም። ሻጯም ልጆች የምታሳድግ፣ ሱቅ መከራየት አቅቷት በስልኳ የምትነግድ እናት ልትሆን ትችላለች። ይህ ነውሩን አይሸፍንላትም፤ የእኛን ቃል ግን ያስመዝነናል።

ሁለተኛው መልእክትም ያው መልስ ካመጣ ይጻፍ። ምን ይጻፍ? «በዚህ ቀን ከዚህ ቻናል ስድስት ዐባያ ገዛሁ። ጨርቁ በፎቶው ላይ ካየሁት ይሳሳል፤ አንዱን ሳጥበው ቀለም ለቀቀ። እንዲመለስልኝ ሁለት ጊዜ ጠይቄ አይመለስም ተብያለሁ።» በዚህ ያበቃል። ሌባ የሚል ስድብ፣ የሴትየዋ ፎቶ፣ የባሏ ስም፣ የሠፈሯ ወሬ፣ የሃይማኖቷ ልክ አይጨመርም። ከአኺራው ተጠያቂነት ሌላ በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 በኢንተርኔት የሰውን ክብር ማጉደፍን በግል አቤቱታ ያስቀጣል። ከጻፉም በኋላ በሥሩ የሚከተለውን መጠበቅ አለ፤ አንዷ «እኔንም» ስትል ሌላዋ ትሳደባለች። ስድቡ በእርሳቸው ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ዝም ማሰኘት ይኖርባቸዋል።

ስለ ሦስቱ ትርፍ ዐባያዎች እህታችን አልጠየቁንም፤ እኛ ግን አንዘላቸውም። ጎረቤት ነገሩን አላወቀችም፤ ዒድ ደርሷል፤ ገንዘቡም ታስሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ ባለቤቱን የወቀሱት ዝናብ ስለመታው አልነበረም፤ የረጠበውን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሊሸጡ ይችላሉ፤ ቀለም እንደሚለቅና ስስ እንደሆነ ተነግሮ፣ በዚያው ልክ ዋጋው ተቀንሶ። ሳይነገር ከተሸጡ ግን ከካራቆሬ የሚጻፈው ክስ ጸሐፊዋንም ይጨምራል።

በሌላኛው ወገን ያለውንም እንንካው። ሳይገዙ «ደርሶኛል፣ በጣም ቆንጆ ዕቃ ነው» ብለው በነጻ ሻርፕ ወይም በካርድ የሚጽፉ እህቶችና ወንድሞች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ እየጨመረ ሌላውን የሚያታልልን ከልክለዋል፤ ይህም ነጀሽ ይባላል። ያልለበሱትን ዐባያ ማሞገስ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

የመጨረሻው፣ በእኛ ግምት ከሁሉ የሚከብደው፣ ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው ነው። ቀኑን ሙሉ ዝም ያለች ሻጭ ጽሑፉን ስታይ ወዲያው ትደውላለች፦ «ግማሹን ልመልስልሽ፤ አጥፊው።» እዚህ ላይ ሐቅና ምስክርነት ተለይተው ይታዩ። ገንዘቡ የእህታችን ሐቅ ነው፤ ይቀበሉ። በግማሹ ቢታረቁም ይችላሉ። ነገር ግን ያው ጨርቅ በያው ፎቶ እየተሸጠ ሳለ ጽሑፉን ማጥፋት የሌላይቱን ሐቅ በዚያ ግማሽ መሸጥ ነው። ሻጯ ፎቶውን ካስተካከለች ወይም ዕቃውን ካነሳች ግን ማስጠንቀቂያው ሥራውን ጨርሷልና ይጥፋ። እስከዚያው ድረስ ከሥሩ «ገንዘቤን መልሳልኛለች፤ አላህ ይስጣት» ተብሎ ይጨመርበት። ይህም የእርሷ ሐቅ ነው፤ መጥፎውን የጻፈች እጅ መልካሙን ስትጽፍ ልትሰንፍ አይገባም።

የቀሩትን ጥያቄዎች ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናያለን።