ለተዘጋባት ዶሮ ጠጠር ይቅረብላት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)






በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ብዙ ይነገራል። ይህ አጭር ንግግር ግን በጓሮ ስላለችው ዶሮ፣ ያውም ገንዘብ ስለማይወጣበት ነገር ነው፤ ስለ ጠጠር።

ዶሮ ጥርስ የላትም። የለቀመችው ጥሬ መጀመሪያ አንገቷ ሥር ባለው ከረጢት ይቆያል፤ ቀጥሎም ጡንቻማ ወደሆነው ጨጓራዋ ይወርዳል። ለበዓል ዶሮ የምትገነጣጥል እናት ይህን ወፍራም ጨጓራ ሰንጥቃ ስታጥብ ትናንሽ ጠጠሮች ታገኛለች። በስሕተት የተዋጡ አይደሉም። ጨጓራው እየተኮማተረ ጥሬውን ከጠጠሩ ጋር ሲያሸው እህሉ ይደቃል። ጨጓራው ወፍጮ ከሆነ ጠጠሩ መጅ ነው። መጅ ሲለሰልስ እንደሚወቀር ሁሉ፣ ጠጠሩም እያለቀና ከኩስ ጋር እየወጣ ስለሚሄድ መተካት አለበት።

በደጅ እየጫረች የምትውል ዶሮ ጠጠሯን ራሷ ትለቅማለች። ችግሩ ሲዘጋባት ነው። በዘር ወቅት ቡቃያ እንዳታበላሽ ትዘጋለች፤ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችን በቤት ውስጥ ብቻ የሚያረቡም አሉ። ጠጠር የሌላት ዶሮ ስንዴ ወይም ማሽላ በጥሬው ሲሰጣት በሚገባ ስለማይፈጭላት ከመኖው የምታገኘው ጥቅም ይቀንሳል። በዶሮ እርባታ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወጪ የመኖ ነውና ኪሳራው የባለቤቱ ነው። የደቀቀ መኖ ብቻ ለምትበላ ዶሮ ግን ጠጠር ያን ያህል አያስፈልግም።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ከወንዝ ዳር ጠንካራ ደቃቅ ጠጠር ለቅሞ በወንፊት መንፋት፣ ማጠብና ማድረቅ ነው። ለጫጩት የጤፍ ፍሬ የሚያህል ወይም ጥቂት የሚበልጥ፣ ለአዋቂ ዶሮ የማሽላ ፍሬ የሚያህል ይመረጣል። ከመኖው ጋር ሳይደባለቅ በተለየ ዕቃ ይቀመጥላት፤ የሚበቃትን ራሷ ትወስዳለች። የብርጭቆ ስባሪ፣ ሚስማር ወይም የተቃጠለ ዘይት ካለበት ቦታ የተሰበሰበ ጠጠር አይሰጥ።

የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ ጠጠርን አይተኩም፤ በጨጓራዋ አሲድ ይሟሟሉ። ጥቅማቸው ካልሲየም መስጠት ነው። በአንድ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል። ለምትጥል ዶሮ ቅርፊቱን አምሶና አድቅቆ በሌላ ዕቃ ማቅረብ ይገባል፤ ሳይደቅ ከተሰጣት የራሷን እንቁላል መብላት ልትለምድ ትችላለች። ካልሲየም ሲበዛ ኩላሊት ስለሚጎዳ ለጫጩት አይሰጥ።

ጠጠር መድኃኒት አይደለም፤ የፈንግል ክትባትንም ንጹሕ ውኃንም አይተካም። ይሁንና ዶሮ ለአባላት ሲከፋፈል ስለ መኖና ስለ ክትባት ከሚሰጠው ምክር ጋር የጠጠሩም ነገር አብሮ ቢነገር፣ በብድር የተገዛ መኖ ሳይባክን እንቁላል ይሆናል።

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል። ጥሬውን ያልነፈገ ገበሬ መጁንም አይንፈጋት።