ከመርፌው በፊት የሚቀርብ ጥያቄ



በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በወላይታ ዞን ቢጫ ወባ መከሠቱ በላቦራቶሪ ምርመራ ተረጋገጠ። በኦፋ ወረዳ በበሽታው ከተጠረጠሩት ሕሙማን መካከል የሞቱ በመኖራቸው፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደው ዘመቻ ከ30 ሺህ በላይ የወረዳው ነዋሪዎች ተከተቡ። የኦሞ ሸለቆ ይህን በሽታ ቀድሞም ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የደረሰው ወረርሽኝ ወደ 30 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። ስለዚህ ክትባቱን ማፋጠን ተገቢ እንደ ነበር አያከራክርም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን በእንዲህ ያለው ሰልፍ መካከል ቆሞ ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችለው ጥቂት ሰው ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት የሚዘጋጀው ከተዳከመ እንጂ ከሞተ ቫይረስ አይደለም። ጤናማ ሰውነት ቫይረሱን አሸንፎ ዕድሜ ልክ የሚጸና መከላከያ ያተርፋል። የመከላከል ኃይሉ በመድኃኒት በተገታ ሰው ላይ ግን ቫይረሱ ያለ ከልካይ ተራብቶ፣ ሊከላከለው የታሰበውን በሽታ የሚመስል ብርቱ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። የኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ክትባቶችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

እንዲህ ያለው ሰው በትልልቅ ከተሞች ብቻ አይገኝም። ለኩላሊት ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚውጥ ሕፃን፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት የሚነሣውን የነርቭ ብግነት ለማብረድ ይህንኑ መድኃኒት የሚወስድ ገበሬ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሜቶትሬክሴት የታዘዘላት እናት በየቀበሌው ሊኖሩ ይችላሉ። አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህም፣ ዘወትር ከመድኃኒት ሳይለዩ የሚኖሩ ሰዎች ተጨምረዋል።

መጠንና ጊዜም ይለያያሉ። አንድ አዋቂ በቀን 20 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለ14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደ፣ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ካቆመ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሳያልፍ ሕያው ክትባት አይሰጠውም። ለሌሎች መድኃኒቶች የሚያስፈልገው ጊዜ ከዚህም ይረዝማል። ለአስም በአፍ የሚሳብ ወይም ለቆዳ የሚቀባ ስቴሮይድ ግን በተለመደው መጠን ከክትባት አያግድም። ሕክምናው ገና ያልተጀመረ ከሆነ፣ ሕያው ክትባቶችን ከአራት ሳምንት በፊት፣ ሌሎቹን ከሁለት ሳምንት በፊት መስጠት ይመረጣል።

ከዚህ የሚቃረነው ስሕተትም ቀላል አይደለም። መድኃኒት ይወስዳል ተብሎ ከክትባት ሁሉ የሚመለስ ሰው፣ የሳንባ ምች፣ የመንጋጋ ቆልፍና የጉበት በሽታ ክትባቶችን በከንቱ ያጣል። እነዚህ ሕይወት ያለው ተዋሕስ ስለሌለባቸው የሚሰጡት መከላከያ ቢያንስ እንጂ በሽታ አያመጡም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ማንኛውንም መድኃኒት ቢወስድ ክትባቱ ሊነፈገው አይገባም፤ እንዲያውም ሙሉው ክትባት ከፀረ እንግዳ አካል መርፌ ጋር ያስፈልገዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በዘመቻ ጥድፊያ «የመከላከል ኃይልን የሚገታ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የመድኃኒቱን ጠባይ ያልተነገረው ሕመምተኛ በቅንነት «የለም» ይላል። በወላይትኛ «በየቀኑ የሚውጡት ኪኒን አለ? ለምን ሕመም ነው? ማሸጊያውን ይዘውታል?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ ይገኛል። ሕመምተኛው ለመከተብ ሲል ኪኒኑን በራሱ እንዳያቋርጥም አብሮ መንገር ይገባል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደን ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋልና።

መርፌው የተከለከለውም ሰው ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። የአደጋውን ክብደት መዝኖ የሚወስን ሐኪም ዘንድ ይላካል፤ ቤተሰቡ ይከተባል፤ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን ስለምትናከስ፣ ገላን የሚሸፍን ልብስ እንዲለብስና የውኃ ማጠራቀሚያውን እንዲከድን ይመከራል።

የዚህ ሁሉ መነሻ አስቀድሞ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ኪኒኑን የሚሰጠው ባለሙያ በሕመምተኛው ካርድ ላይ «ከክትባት በፊት ይህ ካርድ ይታይ» ብሎ ቢጽፍ፣ ነገ በሰልፉ ራስ ላይ መርፌ ይዛ ለምትቆመው ባልደረባው ጥያቄውን ግማሽ መለሰላት ማለት ነው።