ለዘር የሚሆነው አውራ ዶሮ አይሸጥም

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት፣ በገላን የሚያስተምሩ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ያሰሙት ንግግር)

 

የዛሬው ርዕሳችን የሐበሻ ዶሮ ነው። «ደግሞ ለዶሮ እርባታ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? እናቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ሲያረቧት ኖረው የለም ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። ዶሮ በአገራችን የቆየች ናት። በትግራይ፣ መዝብር በተባለ ጥንታዊ ሥፍራ በመሬት ቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ይህን ያህል ዘመን ዘሯን ጠብቀው ያቆዩልን በአብዛኛው ያልተማሩ እናቶች ናቸው። ታዲያ እኛ ፊደል የቆጠርነው ምን እንጨምርበት? ነገሬ ይኸው ነው።

እዚህ ገላን ውስጥ ማታ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ አልፈቀዱልኝም። ሐምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው እርሳስ የጨበጡት። ቁጥር ተምረው እስከ መቶ መጻፍ በቻሉ ሳምንት፣ «ልጄ፣ አሁን ይኼ ቁጥር ምን ያደርግልኛል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የዶሮዎቻቸውን ነገር አውቅ ነበርና፣ «እማማ፣ እንቁላሉ ላይ ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት» አልኳቸው። ሳቁብኝ። በማግሥቱ ግን ጻፉ። የመጀመሪያ ጽሑፋቸው ያረፈው በደብተር ላይ ሳይሆን በእንቁላል ላይ ነው።

ለምን ጻፉ አልኳቸው? ለመታቀፍ የሚቀመጥ እንቁላል ከሰባት፣ ቢበዛ ከአሥር ቀን በላይ መቆየት የለበትም። ከዚያ በላይ ሲቆይ የመፈልፈል ኃይሉ ይደክማል። ቀኑ ከተጻፈበት አሮጌው ከአዲሱ ይለያል። ደግሞም ዶሮዋ ከታቀፈች በኋላ ሌላ ዶሮ እላይዋ ገብታ እንቁላል ብትጥል፣ ያልተጻፈበት እንቁላል እንግዳ ነውና ወዲያው ይወጣል። በቀለም ብዕር ግን አትጻፉ፤ እርሳስ ይበቃል። አትጠቡትም። ቀዝቀዝ ባለ ሥፍራ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በገለባ ወይም በጭድ ላይ አስቀምጡት። የተሰነጠቀውን፣ ከመጠን በላይ ትልቁንና በጣም ትንሹን ለምግብ አውሉት። «ሾል ያለው አውራ ይወጣዋል» የሚባለው አባባል መሠረት የለውም፤ በዚያ አትምረጡ።

አሁን ወደ ማስታቀፉ እንምጣ። አንዲት የሐበሻ ዶሮ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት እንቁላል በደንብ አሙቃ ትፈለፍላለች። ሰብሰብ ያለ ቅርጫት ወይም የተሰበረ እንስራ፣ ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ ጨለም ያለ ጸጥተኛ ጥግ፣ አጠገቧ ጥሬና ንጹሕ ውሃ፤ ይኸው ነው። በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን ፊት ያዙት። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀይ የደም ሥር ከታየ ሕይወት አለው። ብርሃኑን ጥርት አድርጎ ካሳለፈ ዘር የለውምና አውጡት። በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይወጣሉ። መስከረም 15 ቀን የታቀፈች ዶሮ ጥቅምት 6 ቀን ትፈለፍላለች ማለት ነው። ቁጠሩት፤ ጥሩ የሒሳብ መልመጃ ይሆናችኋል።

ይህንን ቀን ዝም ብዬ አልመረጥኩም። የመስከረምና የጥቅምት ጫጩት ክረምቱ አልፎለት ያድጋል። ስድስት ወር ሲሞላው ሚያዝያ ይገባል፤ ፋሲካ ነው። በሁዳዴ ዶሮም እንቁላልም ይረክሳል፣ በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ገበያው ይሞቃል። ለእንቁጣጣሽ አውራ ማድረስ የፈለገ ሰው እንደዚሁ ወደ ኋላ ቆጥሮ በጥርና በየካቲት መግቢያ ያስታቅፋል። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ እኛም እንወቀው።

ጫጩት ከወጣ በኋላ ነው ዋናው ጥፋት የሚደርሰው። ጭልፊቱ በቀን፣ ሸለምጥማጡ በሌሊት፣ ብርዱና ረኀቡ በማንኛውም ሰዓት። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ጫጩቶቹን በሰፊ ቅርጫት ሥር ወይም በሽቦ በታጠረ ጥግ አቆዩአቸው። የተፈጨ በቆሎ፣ የእህል ስብርባሪ፣ ጥቂት የኑግ ፋጉሎ፣ ሲገኝም ምስጥ ስጧቸው። የእንቁላል ቅርፊት አድቅቃችሁ ለምትጥለዋ ዶሮ ብትሰጡ ለቅርፊቱ ይጠቅማታል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። ዶሮዋ እንቁላል ሳይኖራት «ልታቀፍ» ብላ ካስቸገረች፣ በአፍንጫዋ ላባ መሰካት ወይም ዘቅዝቆ መስቀል ማሠቃየት ነው እንጂ ጥበብ አይደለም። አየር በሚያስገባ፣ ወለሉ የርብራብ በሆነ ቆጥ ከነምግቧና ከነውሃዋ ሦስት አራት ቀን ብትቀመጥ ይተዋታል።

እንግዲህ ስለ በሽታ ልናገር። ፈንግልን የማያውቅ የለም። አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቤቱን በአንድ ሳምንት ባዶ ያደርጋል። መድኃኒት የለውም። እኔ ራሴ ተቀጥቼበታለሁ። አንድ ዓመት በበዓል ሰሞን ከገበያ ሁለት ቄቦች ገዛሁና የዚያኑ ዕለት ከነበሩኝ 17 ዶሮዎች ጋር ቀላቀልኳቸው። አሥር ቀን አልሞላም፤ 14ቱ ሞቱ። ያስተማረኝ ማንም አይደለም፣ ኪሣራው ነው። ስለዚህ ከገበያ የመጣ ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የሞተውን ወደ ሜዳ አትጣሉ፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የታመመውን ደግሞ «ሳይሞት ልሽጠው» ብላችሁ ገበያ አታውጡት። የእኔን ቤት ያጠፋው እንደዚያ ያለ ዶሮ ይመስለኛል።

መድኃኒት ባይኖረውም ክትባት ግን አለው። ክትባቱ እዚሁ ቅርባችን ቢሾፍቱ ባለው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ከዓይነቶቹ አንዱ በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ነው። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ እንጂ ለታመመ አይደለም፤ በየሦስት አራት ወሩም ይደገማል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ መከተቡን አትርሱ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ለብቻ መግዛቱ አያዋጣም። ጎረቤት ከጎረቤት ተሰባሰቡ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድ ቀን ጥሩት። ብልቃጡ ሲመጣ ደግሞ አንብቡት! የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ቀኑ ያለፈበት ወይም በሙቀት የዋለ ክትባት ከውሃ አይሻልም። ማንበብ የማይችል ሰው የተሰጠውን ይቀበላል፤ ማንበብ የሚችል ግን «ይኼማ ቀኑ አልፏል» ብሎ ይመልሳል።

አድማጮቼ፣ አሁን ወደ ርዕሴ ልብ ልግባ። እኒያ እናት ተማሪዬ ሁለት ጥሩ ዶሮዎች ነበሯቸው፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ገብስማ። «ነጯ ትበልጣለች» ይሉ ነበር፤ ብዙ ትጥላለች። በደብተር እንመዝግበው ተባባልን። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩ እንዲህ አለ፦ ነጯ 12 ታቅፋ 11 ፈለፈለች፣ ሁለት ወር የደረሱላት ግን 3 ብቻ ናቸው። ገብስማዋ 12 ታቅፋ 10 ፈለፈለች፣ 8 አሳደገች። እማማ ደብተሩን ደጋግመው አዩና «ለካ ዓይኔ ሲያታልለኝ ኖሯል» አሉ። ነጯ ጫጩቶቿን ጥላ የምትሄድ ዶሮ ነበረች። ዓይን የዛሬን ያያል፣ ደብተር ግን ዓመቱን ሙሉ ያስታውሳል።

ከገብስማዋ ልጆች አንድ ቀይ፣ ባለ ድርብ ኩክኒ አውራ ወጣ። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ጠንካራ፣ ከወንድሞቹ ሁሉ ቀድሞ ያደገ። እንደሚታወቀው በበዓል ገበያ ቀይና ባለ ድርብ ኩክኒ ይወደዳል። በፋሲካ ዋዜማ ነጋዴ ደጃቸው ድረስ መጣ፤ ጥሩ ዋጋ ጠራ። የልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር። ሸጡት። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔም አልፈረድኩም።

ግቢው ውስጥ የቀረው አውራ ግን ማንም ያልገዛው፣ ቀጭንና ትንሽ ነበር። በተከታዩ ዓመት የተፈለፈሉት ሁሉ የእርሱ ልጆች ሆኑ። በሱቅ ሚዛን ስንመዝናቸው፣ የቀድሞዎቹ አውራዎች በስድስት ወራቸው 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል የነበሩት፣ አዲሶቹ ከ1 ኪሎ ብዙም አላለፉም። የመኖውም ነገር ድርሻ ይኖረዋል፤ ሁሉን በአባታቸው አላሳብብም። ነገር ግን አባት ለልጅ ያወርሳል።

እስቲ አስቡት። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ጤፍ ምርጡን ለይቶ ለብቻው ያኖራል፤ ቢርበው እንኳ አይነካውም። ዶሮ ላይ ስንደርስ ግን ምርጡን ለበዓል አርደንና ሸጠን፣ ውራጁን ለዘር እናስቀራለን። በየዓመቱ ይህን ስናደርግ ኖረን መልሰን «የሐበሻ ዶሮ ትንሽ ናት፣ እንቁላሏም በዓመት ከ40 እስከ 60 ነው፣ አትረባም» እንላለን። ያሳነስናት እኛም ጭምር ነን።

መምረጥ እንደሚጠቅም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ከወለጋ፣ ከሆሮ አካባቢ የመጣችውን የሐበሻ ዶሮ ወስዶ በምርጫ ሲያሻሽላት ቆይቷል። ከሌላ ዘር አላዳቀላትም። የእያንዳንዷን ዶሮ እንቁላልና ክብደት መዝግቦ፣ ከየትውልዱ ብልጫ ያላቸውን ለወላጅነት ማስቀረት ነው የሠራው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የእንቁላሉ ቁጥርም የዶሮዋ ክብደትም እየጨመረ መጣ። ሥራው በመሠረቱ እማማ በደብተራቸው ከጀመሩት የተለየ አይደለም፤ እነርሱ ብዙ ዶሮና ሰፊ መዝገብ ስላላቸው ነው።

የውጭ ዶሮን አላጣጥልም። ለእንቁላል ንግድ መኖ ገዝቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ሙቀት ጠብቆ ለሚያረባ ሰው የውጭዋ ትበልጣለች። ጓሮ ለጓሮ ጭራ የምታድር፣ ራሷ ታቅፋ ራሷ የምታሳድግ፣ ከጭልፊት የምትሸሽ ዶሮ ለሚፈልግ ግን የሐበሻዋን የሚተካት የለም። እዚህ ገላን አካባቢ መሬቱ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት እየዋለ፣ የገበሬው ሜዳ ወደ ጠባብ ግቢ ተለውጧል። በግ ማርባት ያቃተው ቤተሰብ ሁሉ አምስት ዶሮ ማርባት አያቅተውም። ዘሯን ካጠፋናት ግን በገንዘብ የሚመለስ ነገር አይደለም።

እንግዲህ በደብተራችሁ ጻፉልኝ። አንደኛ፦ ከሚወለዱት አውራዎች ምርጡ ለዘር ይቀር፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይሸጥ። አንድ አውራ ለአሥር ያህል ሴት ዶሮ ይበቃል። ሁለተኛ፦ አውራው ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይራባ በዓመት በሁለት ዓመቱ ከጎረቤት ጋር ተለዋወጡ። ሦስተኛ፦ ለእያንዳንዷ ዶሮ የታቀፈችበትን ቀን፣ የታቀፈችውን፣ የፈለፈለችውንና ያሳደገችውን ቁጥር መዝግቡ። አራተኛ፦ ክትባቱን በኅብረት፣ ቀኑን አንብባችሁ።

እማማስ? ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ተነጋግረው፣ ሦስት ቄብ ሰጥተው አንድ ደህና አውራ ተቀበሉ። ባለፈው ፋሲካ ነጋዴው ተመልሶ መጣ። ዋጋውን ከፍ አደረገው። እርሳቸውም ደብተራቸውን አውጥተው፣ ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ በራሳቸው እጅ የጻፉትን አነበቡለት፦ «ይህ ለዘር ነው»። ነጋዴው ስቆ ሁለቱን ታናናሾች ገዝቶ ሄደ። የልጃቸውም ክፍያ ከዚያው ተከፈለ።

ውድ አድማጮቼ፣ ለዛሬ ያዘጋጀሁት በዚህ አበቃ። ነገ ጠዋት ቆጡን ስትከፍቱ፣ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተመልከቱ፤ የትኛው ነው ለዘር የሚቀረው? ጻፉት። ደኅና ሁኑ።