የሙታን ታሪክ ስለ ምን አይሞትም?



ስለ ድልድይና ስለ ግድብ መነጋገር በለመደ ጉባኤ ፊት ስለ ዞምቢ ለመናገር መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሙታን ተነሥተው ዓለምን ሲያጠፉ የሚያሳዩት ልብ ወለዶችና ፊልሞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተመልካች ሳያጡ የኖሩበት ምክንያት ከሙያችን የራቀ አይደለም።

ዞምቢ የሚለው ስም ከሃይቲ የመጣ ነው። በዚያ አገር የሕዝብ እምነት ዞምቢ ማለት አስማተኛ ከሞት አስነሥቶ ያለ ፈቃዱ የሚያሠራው ሰው ነው። በሸንኮራ አገዳ እርሻ በባርነት ለማቀቀ ሕዝብ፣ ሞት እንኳ ከሥራ ቀንበር አያወጣም ከሚል ሐሳብ የከፋ ምን ፍርሃት ይኖራል?

የዛሬውን መልክ የሰጠው ግን ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ያቀረበው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለው ፊልም ነው። በፔንሲልቬኒያ ገጠር ሰባት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ ይከበባሉ። ቤን የተባለው በርና መስኮቱን በሳንቃ ይቸነክራል፤ ሃሪ ኩፐር ደግሞ ምድር ቤት ወርደን እንዘጋ ይላል። ለመሸሽ ነዳጅ ሊቀዱ ሲሄዱ የማደያው ቁልፍ አልሠራ ይላል፤ በጥይት ሲከፈት ቤንዚኑ ፈስሶ ከችቦው እሳት ይያያዝና ሁለት ወጣቶች ያልቃሉ። ቤንና ኩፐር በጠመንጃ ይናጠቃሉ፤ ኩፐር ይመታል። ሳንቃው ሲነቀል ቤን ሌሊቱን የሚያልፈው እምቢ ባለው ምድር ቤት ገብቶ ነው። ሲነጋም ሙታኑን ለማጥፋት የተሰማሩ ታጣቂዎች ከእነርሱ አንዱ መስሏቸው ይገድሉታል።

የእነዚህ ታሪኮች ማራኪነት አንደኛው ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። የከተማ ሰው ኑሮ በማያውቃቸው በሺህ የሚቆጠሩ እጆች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ውኃውን ሌላ ይገፋለታል፣ መብራቱን ሌላ ይጠብቅለታል። ታሪኩ ይህን ሰንሰለት በአንድ ሌሊት በጥሶ «አንተ በእጅህ ምን ታውቃለህ?» ሲል ይጠይቀዋል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይከብዳል። ቤቱ የፈረሰው ከምስማሩ አስቀድሞ በነዋሪዎቹ አለመስማማት ነበር፤ ተመልካቹም በጭንቅ ሰዓት ጎረቤቱ ምን እንደሚሆን፣ ራሱስ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በዚሁ ታሪክ ተጠቅሞ ሕዝቡን ስለ እውነተኛ አደጋ ዝግጅት አስተምሯል። ምክሩ ውኃ፣ ምግብና መድኃኒት አስቀምጡ ይላል፤ ከዚህም ጋር ቤተሰብ በአደጋ ጊዜ የሚገናኝበትን ቦታ አስቀድሞ ይስማማበት ይላል።

ክቡራን ሆይ፣ ይህ የመጨረሻው ምክር ለእኛም ነው። የጭነቱን ልክ እናሰላለን፣ ብረቱን እንመርጣለን። ነገር ግን ጎርፍ በመጣ ሌሊት የግድቡን በር ለመክፈት የሚያዝዘው ማን እንደሆነ፣ ቁልፉም ከማን ዘንድ እንዳለና በእርግጥ እንደሚሠራ ዛሬ ካልተስማማንበትና ካልፈተንነው፣ ሥራችን ግማሽ ነው።