ዝምተኛው ልጅና ጭንቀቱ



በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን አብልጠን የምናመሰግነው የማይረብሸውን፣ አንገቱን የሚደፋውን፣ ሳይጠየቅ የማይናገረውን ልጅ ነው። «ጨዋ ልጅ» እንለዋለን። ከጨዋነቱ በስተ ጀርባ ፍርሃት ይኖር እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

እኛም በዚህ ተሳስተናል። በአንድ አጥቢያ እንዲህ ያለውን የ15 ዓመት ልጅ፣ ይደፍር ዘንድ ብለን፣ አስቀድመን ሳንነግረው በበዓል ቀን በምእመናን ፊት እንዲያነብ አቆምነው። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ ጠፋ፤ አንዳንዶች ሣቁ። ከዚያ በኋላ ለወራት አልተመለሰም። አንዳንዶቻችን «እምነቱ ደካማ ነው» አልን፤ ይህም ሁለተኛው ስሕተታችን ነበር።

ሰው ጠባዩን በከፊል ይዞ ይወለዳል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ የነበሩት ጀሮም ኬገን ሕፃናትን ከአራት ወር ዕድሜያቸው ጀምሮ ለዓመታት ሲከታተሉ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ለአዲስ ድምፅና ለአዲስ ነገር እየተወራጨና እያለቀሰ በብርቱ የሚታወክ ሆኖ አገኙ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አድገው ዓይን አፋርና ጥንቁቅ ሆኑ፤ በጉርምስናም ከእኩዮቻቸው ይልቅ ለጭንቀት የተጋለጡ ነበሩ። ሆኖም ብዙዎች ለሕመም ሳይዳረጉ አድገዋል። ስለዚህ ጠባዩ በሽታ አይደለም፤ የእኛ አያያዝ ግን ሊያቀለው ወይም ሊያከብደው ይችላል።

መግፋት ብቻ ሳይሆን ከልክ በላይ መከለልም ይጎዳል። እናቱ ስለ እርሱ የምትመልስለት፣ ከሚያስፈራው ሁሉ የምታስቀረው ልጅ ለጊዜው ያርፋል፤ በሚቀጥለው ቀን ፍርሃቱ በርትቶ ይጠብቀዋል። የሚሻለው በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ብዙ ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው ከማያውቋቸው ጋር ማደር ነበረባቸው። ለጥንቁቁ ልጅ ከጥያቄው ይልቅ ማደሪያው ሊያስፈራው ይችላል። ቀድመው የተፈተኑ ወጣቶች የት እንደ ተኙ፣ ምን እንደ በሉ፣ በር ላይ እንዴት እንደ ተፈተሹ ይንገሩት። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

አባቶቻችን ሆይ፤ የንስሐ ልጅዎ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመ፣ ልቡ ያለ ምክንያት እየመታ ከተቸገረ፣ ጸሎቱንና ጠበሉን ሳያስቀሩ ወደ ጤና ተቋም ይላኩት። ሞትን የሚመኝ ከሆነ በዚያው ዕለት አብረውት ይሂዱ።

ያን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። አሁን የመጻሕፍቱን መዝገብ ይይዛል፤ ባለፈው ወር ለአራት ጓደኞቹ አንብቧል። በምእመናን ፊት መቼ እንደሚያነብ ራሱ እንዲነግረን ትተንለታል።