በእንግሊዝኛ ቋንቋ የታወቀውንና ያልታወቀውን ስም ስለ መለየት

በወላይታ ሶዶ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሲያዩት ጥቂት ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። እንግሊዞች በስም ፊት የሚያኖሯቸው ሦስት ትንንሽ ቃላት አሉ፤ እነርሱም «ኧ»፣ «ኧን» እና «ዘ» ናቸው። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሲጽፉ አንዳንዱ እነዚህን ጨርሶ ይተዋቸዋል፤ አንዳንዱም ያለ ቦታቸው በየስሙ ፊት ይደረድራቸዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጁ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በእናቱ ቋንቋ እንዲማር ደንግጎ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን የሚማረውም የሚፈተነውም በእንግሊዝኛ ነውና፣ ይህ ስሕተት በየትምህርቱ ይከተለዋል።

ልጁ የሚሳሳተው ምልክቱን በሌላ ቦታ ማየት ስለ ለመደ ነው። በግእዝ «ብእሲ» ሲባል «ሰው»ም፣ «አንድ ሰው»ም፣ «ሰውየው»ም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደ ሆነ ከንባቡ ይታወቃል። መለየት ሲያስፈልግ «አሐዱ ብእሲ» ወይም «ውእቱ ብእሲ» ይባላል። አማርኛ ደግሞ ምልክቱን በስሙ መጨረሻ ያኖራል፤ «በሬ» የነበረው «በሬው»፣ «ላም» የነበረችው «ላሚቱ» ትሆናለች። ያልታወቀውን ግን «አንድ» ብሎ ያመጣዋል። በወላይትኛም «ኢሲ» ማለት «አንድ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ኧን»ም ጥንት «አንድ» ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው፤ «ዘ»ም ጥንት «ያ» ብሎ ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው። (የግእዙ «ዘ» ግን በድምፅ ቢመስለውም ዘመዱ አይደለምና እንዳያሳስት።) እንግዲህ ቋንቋዎቹ የሚለያዩት ምልክቱን በሚያኖሩበት ስፍራ ነው እንጂ፣ የታወቀውን ካልታወቀው መለየት በሁሉም ዘንድ አለ።

ሽማግሌዎች ይህን በዕርቅና በዳኝነት ታውቁታላችሁ። ምስክር ቀርቦ «አንድ ሰው አጥሩን አፈረሰ» ቢል፣ «የትኛው ሰው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። «ሰውየው አጥሩን አፈረሰ» ቢል ግን፣ ቀድሞ ስሙ የተነሣውን ሰው ማለቱ ነውና በዚያ ሰው ላይ መሰከረ ማለት ነው። «የትኛው?» የሚለው ጥያቄ የዚህ ትምህርት ሁሉ ቍልፍ ነው። ሰሚው የትኛው እንደ ሆነ ካወቀ «ዘ» ይባላል፤ ካላወቀና ነገሩ አንድ ብቻ ከሆነ «ኧ» ወይም «ኧን» ይባላል፤ እንደ ውኃና እንደ ቡና የማይቈጠር ሆኖ በጠቅላላው ሲነገር ያለ ምልክት ይቀራል። ፀሐይና ጨረቃ ለሁሉ የታወቁ ስለ ሆኑ «ዘ ሰን»፣ «ዘ ሙን» ይባላሉ።

ይህች ትንሽ ቃል መንግሥታትን እስከ ማከራከር ደርሳለች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1967) ቍጥር 242 የተባለውን ውሳኔ አጸደቀ፤ ኢትዮጵያም ያን ጊዜ የምክር ቤቱ አባል ስለ ነበረች ድምፅ ከሰጡት አንዷ ናት። ውሳኔው የእስራኤል ጦር በጦርነቱ ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ ሲናገር፣ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ግዛቶች» ከሚለው ቃል ፊት «ዘ» አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ወገን «ከሁሉም ውጡ አይልም» ሲል፣ ሌላው ወገን የፈረንሳይኛውን ጽሑፍ ጠቅሶ «ከሁሉም ማለት ነው» እያለ ሲከራከሩ ኖረዋል። በአማርኛ ብንመዝነው፣ «ከተያዙ ግዛቶች» እና «ከተያዙት ግዛቶች» በማለት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት።

ለመምህራን ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

መጀመሪያ፤ «ኧ»ንና «ኧን»ን የሚለየው የሚቀጥለው ቃል ድምፅ ነው እንጂ ፊደሉ አይደለም። ስለዚህ «ኧን ኤግ»፣ «ኧን አወር» ይባላል፤ «ዩኒቨርሲቲ» ግን በ«ዩ» ድምፅ ስለሚጀምር «ኧ ዩኒቨርሲቲ» ይባላል።

ሁለተኛ፤ በአማርኛ «ቤቱ» ሲባል የታወቀው ቤት ወይም የእርሱ ቤት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ሁለት ቃል አለውና፣ ልጁ ሳይተረጕም በፊት የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፤ ምሳሌው ከአገሩ ይሁን። ወንዝ «ዘ» ይወዳል፤ «ዘ ኦሞ»፣ «ዘ ቢላቴ» ይባላል። ሐይቅና ነጠላ ተራራ ግን አይወዱም፤ «ሌክ አባያ»፣ «ማውንት ዳሞታ» ይባላል። ልጁ በየቀኑ የሚያየውን የዳሞታን ተራራ ስም በትክክል ከጻፈ፣ የሩቁንም አገር ተራራ ስም መጻፍ አይቸግረውም።

ለሽማግሌዎችም አንድ ልመና አለኝ። ልጁ ማታ በቤቱ አንድ አጭር ተረት በወላይትኛ ይናገር፤ እናንተም በየስሙ «የትኛው?» እያላችሁ ጠይቁት። መምህሩም በማግሥቱ ያንኑ ተረት በእንግሊዝኛ ያጽፈው። ይህን የለመደ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ውል ወይም ማመልከቻ በቀረበለት ጊዜ፣ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የትኛው መሬት፣ የትኛው ገንዘብ፣ የትኛው ቀን እንደ ሆነ ለይቶ ይጠይቃል።